ለእናቴ የዓይን ሞራ የትኛው ሌንስ ይሻላል? (ደሴ፣ ኮምቦልቻ)

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጥቶባታል፣ የቀኙ ይብሳል። ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ቡና ስትቀዳ የሲኒውን ጠርዝ በጣቷ እየነካች ነው። ብቻዋን ከግቢ ከወጣች ልቤ አያርፍም።

ደሴ ወስደን አስመርምረናት ሞራው ተገፍፎ በምትኩ ሰው ሰራሽ ሌንስ ይገባላታል ተባልን። ግራ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። የጠየቅንበት አንድ የግል ክሊኒክ ሁለት ዓይነት ሌንስ አለ አለን። አንዱ ጠንካራ ነው፣ ሌላው የሚታጠፍ። የሚታጠፈው ዋጋው በጣም ይርቃል። እዚያ የሚሠራ አንድ ሰው «ርካሹ የህንድ ነው፣ ለእናት አይቆጠብም» አለኝ። አረብ አገር ያለው ወንድሜ ገንዘብ እስክልክ ጠብቁ ይላል። እሷ ደግሞ «ፕላስቲክ ዓይኔ ውስጥ አይገባም» ብላለች። ጎረቤቶቿ ዓይን አውጥተው አጥበው ነው የሚመልሱት ብለዋታል።

ገንዘቡን እንጠብቅ ወይስ እንሂድ? የሁለቱ ሌንሶች ልዩነትስ ምንድን ነው? ያሠራችሁ ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ።

ሐይቅ ዳር፦
ልጄ፣ እናትሽን አላህ ያሽርልሽ። እኔ የተገፈፍኩት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። መጀመሪያ ግራውን፣ ከወራት በኋላ ቀኙን። ዓይን ያወጣሉ የሚለው ውሸት ነው። አልተኛሁም፣ ሁሉንም እየሰማሁ ነበር። ፊቴን በጨርቅ ሸፈኑት፣ ዓይኔን አደነዘዙት። ብርሃን ብቻ ይታየኛል። ሐኪሙ «አይዞዎት አባባ፣ አይንቀሳቀሱ» ይለኛል። ሳላስበው አለቀ።

በማግስቱ ሲፈቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጋውን ነው። ነጭ ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይታየኝ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። የቱ ሌንስ እንደገባልኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። በጎቼን ከሩቅ እለያለሁ። ቁርኣን ለመቅራት ግን መነጽር አደርጋለሁ። ለእናትሽ ይህን አንብቢላት።

ዓይን ለኪ፦
ሰላም እህት። ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ከኦፕራሲዮን በፊት ዓይኑን ለክተን የሌንሱን ቁጥር የምናወጣው እኛ ነን። ያንቺን ጥያቄ በየዕለቱ ማለት ይቻላል እሰማዋለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሞራ የሚባለው የደፈረሰው የራሳችን የዓይን ሌንስ ነው፣ ሰው ሰራሹ እሱን ይተካል። ጠንካራው ሌንስ ፒኤምኤምኤ ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለማይታጠፍ መግቢያውም በዚያው ልክ ይሰፋል። ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ሰያፍ መግቢያ ይከፈትለታል። አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አይፈልግም፣ ራሱ ይገጥማል። የሚታጠፈው ከለስላሳ አክሪሊክ ነው። ተጠቅልሎ 3 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀዳዳ ይገባና ውስጥ ይዘረጋል። ለዚህ ግን ሞራውን በድምፅ ሞገድ እየሰበረ የሚመጥ ማሽን ያስፈልጋል። ፋኮ ይባላል። ስለዚህ ከሚጠየቀው ዋጋ ከፊሉ የማሽኑ ነው።

የሚታጠፈው ጥቅም የለውም አልልም። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይድናል። ጠንካራው ትንሽ የእይታ መጣመም ሊተው ይችላል፣ እሱን መነጽር ያስተካክለዋል። ግን ወደ እኛ የሚመጣው ሞራ ብዙ ጊዜ ቆይቶ የጠጠረ፣ ቡናማ የሆነ ነው። እንዲህ ያለውን በማሽን መስበር ለፊተኛው የዓይን መስታወት፣ ለኮርኒያው ከባድ ነው። ኔፓል ውስጥ ሁለቱን ዘዴዎች በጠና ሞራ ላይ ያወዳደረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ከ6 ወር በኋላ በሁለቱም ወገን 98 ከመቶው ሰው በመነጽር ሲታገዝ ጥሩ ያይ ነበር። እናትሽ ሰው በድምፅ የምትለይበት ደረጃ ከደረሰች የእሷም ሞራ ጠጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪሙን ጠይቂው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ስለ አገሩና ስለ ዋጋው ነው። ስለ ቁጥሩ የሚጠይቅ የለም። የሰው ዓይን ከፊት ወደ ኋላ በአማካይ 23 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። የእናትሽ 22 ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤቷ 25። የሌንሱ ቁጥር የሚሰላው ከዚህ ርዝመትና ከኮርኒያው ጉብጠት ነው። ርዝመቱ ሲለካ 1 ሚሊ ሜትር ከተሳተ እይታው ከ2 ተኩል እስከ 3 ቁጥር ይዛባል። ያኔ የዓለም ውድ ሌንስ ቢገባም ደብዛዛ ነው። በትክክል የተለካ ርካሽ ሌንስ ግን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ቀድሞ በዘመቻ ጊዜ ሳይለካ ለሁሉም 21 ወይም 22 አካባቢ የሆነ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ነበር። ለብዙ ሰው ይቀርባል፣ ለአንዳንዱ ግን በፍጹም አይሆንም። አንቺ «ዓይኗ ተለክቷል ወይ? ስንት ቁጥር ወጣላት?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን የሚመልስልሽ ቦታ ሌንሱ ከየትም ይምጣ አትፍሪ።

ገራዶ፦
ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። አባቴ በነፃ ዘመቻ ተገፍፎ የህንድ ሌንስ ነው የገባለት። ምንም ለውጥ የለም። ርካሽ ነገር ርካሽ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ለምን ለወላጁ ይሰስታል?

ዓይን ለኪ፦
ወንድሜ፣ አባትህን እግዜር ይማርልህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባትሪ ሲበራባቸው ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ ይለዩ ነበር?

ገራዶ፦
ከፊት ለፊት አዎ። ከጎን ሲሆን አያውቀውም ነበር። «ግፊትም አለበት፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ» ብለውን ነበር። እኛ ግን ሌንሱ ከገባ ያያል ብለን ነው።

ዓይን ለኪ፦
ችግሩ እንግዲህ ሌንሱ አይመስለኝም። ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ግፊት፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይገድላል። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ሽቦው ተበጥሶ አምፖል ብትቀይር አይበራም። ሞራው የተገፈፈው ያለችው እይታ እንዳትሸፈን ነው። የአምስት ሺህም የመቶ ሺህም ሌንስ ቢገባ ውጤቱ ያው ነበር።

አሁን የሚያስፈልገው የግፊት ጠብታቸውን እንዳያቋርጡ ነው። «አላየሁም» ብለው ትተውት ከሆነ ዛሬውኑ መልሳቸው፣ የቀረችውም ትጠፋለች። ደግሞ ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል። አንተም፣ እህት ወንድሞችህም ግፊታችሁን ተለኩ። ምንም ሳያም ነው የሚሠራው።

ገራዶ፦
ጠብታውን ትቶታል። ያለቀ ነገር ነው ብሎ። ነገ እወስደዋለሁ። እኔም እለካለሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

መምህር ከሙጋድ፦
«ፕላስቲክ ዓይኔ ውስጥ አይገባም» ላሉት እናት አንድ ታሪክ አለኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አብራሪዎች የአውሮፕላን መስኮታቸው እየተሰበረ ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። መስኮቱ ፕላስቲክ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የለንደን ሐኪም ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ቆይቶ እንኳ እንደማያቆጣው አስተዋለ። ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1949 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት ተቃወሙት። ጠንካራው ሌንስ ዛሬም የሚሠራው ከዚያው ፕላስቲክ ነው። ዓይን የታገሠው ነገር መሆኑ ከ70 ዓመት በላይ ተፈትኗል።

ከዚያ በፊት ሞራው ይወጣል፣ በቦታው ግን ምንም አይተካም። በልጅነቴ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዓይናቸው ከመነጽሩ ጀርባ ትልቅ ሆኖ ይታያል። መነጽሩ ከወደቀባቸው ተመልሰው ዕውር ነበሩ። ሌንሱ ያስቀረው ይህንን ነው።

«የህንድ ነው» የሚለው ንግግርም ያሳዝነኛል። ሌንስ አንዱ ከ100 ዶላር በላይ በነበረበት ዘመን ለድሃ አገር የሚደርሰው በጥቂቱ ነበር። ህንድ ውስጥ ማዱራይ ከተማ ያለው አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1992 አውሮላብ የተባለውን ፋብሪካ አቋቁሞ ዋጋውን ወደ 10 ዶላር አወረደው፣ በኋላ ከዚያም በታች። አውስትራሊያዊው ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ያነሳሳው ሥራም እሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 አሥመራና የኔፓሏ ካትማንዱ ላይ የሌንስ ፋብሪካ አስከፈተ። ዋጋው የወረደው ዕቃው ስለተበላሸ አይደለም። እንዲደርሰን ታስቦ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ዕውር የሆኑት በሞራ ነው። ርካሽ ሌንስ ባይኖር ይህ ሁሉ ሰው ማን ይደርስለት ነበር?

ሸዋ በር፦
እኔም ለእናቴ ልጠይቅ። ሞራው ገና ነው፣ እስኪበስል ጠብቁ ብለውናል ሰፈር ውስጥ። ደግሞ ሶላት አታቋርጥም። ሱጁድና ውዱእ እንዴት ይሆናል?

የዓይን ክፍል ነርስ፦
ሰላም እህቴ። «እስኪበስል» የድሮ ነገር ነው። ዛሬ ሥራዋን ማወክ ከጀመረ ይበቃል። በጣም ሲቆይ ይጠጥራል፣ ይባስ ብሎ ያብጥና ግፊት ያመጣል። ያኔ ሕመሙም ከባድ ነው፣ ውጤቱም ይቀንሳል።

ውሃን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቧንቧም የወንዝም ውሃ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ። ጸበልም ቢሆን ዓይን ላይ አይረጭ፣ ይህን ለክርስቲያን እናቶቻችንም እንነግራለን። ማጎንበስንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንከለክላለን። እስከ መቼ እንደሆነ የሠራላት ሐኪም ይነግራችኋል። በርበሬ ከሚደለዝበትና ጭስ ካለበት ማዕድ ቤትም ትራቅ። ለእናቶች ከሁሉ የሚከብዳቸው ይኼ ነው። ቤቴ ማን ይሠራልኛል እያሉ በሦስተኛው ቀን ምጣድ ሥር ይገኛሉ። ልጆች፣ እባካችሁ ሥራውን ተቀበሏቸው።

ሐይቅ ዳር፦
ሸዋ በር፣ አብሽሪ። ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዷል። እኔም ወንበር ላይ ሆኜ በራሴ እያመለከትኩ ሰግጃለሁ። የውዱኡን ነገር የመስጊዳችሁን ሸኽ ጠይቂ፣ ውሃ የሚጎዳው ሰው ያለበትን ይነግሩሻል።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
አንድ የረሳሁት። የቦርከና ልጅ፣ የእናትሽ የዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ይወጋታል? በወረንጦ ስታስነቅል አይተሽ ታውቂያለሽ? ትራኮማ በአካባቢያችን ብዙ ነው። ፀጉሩ ካለ መጀመሪያ የዓይን ቆቡ ይስተካከላል፣ ሞራው ከዚያ በኋላ ነው። እንባና ዓይናር የሚበዛበትም ዓይን ቀድሞ ይታከማል። ኢንፌክሽን ወደ ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። ስኳር ካለባትም ተናገሩ። ከሞራው ጀርባ ሬቲናዋ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

የቦርከና ልጅ፦
ወረንጦ አላየሁም። ስኳር ግን አለባት፣ ክኒን ትወስዳለች። ይህን ማንም አልጠየቀንም ነበር።

መድኃኔዓለም ሰፈር፦
እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሐይቅ ዳር በጎቼን አያለሁ፣ ለመቅራት ግን መነጽር አደርጋለሁ ብለዋል። አባቴ ቄስ ናቸው። ሕይወታቸው ዳዊት ነው። ማንበብ ካልቻሉ ተገፈፍኩ አይሉም። ለእሳቸው የሚሆን ሌንስ አለ?

ዓይን ለኪ፦
በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። የተለመደው ሌንስ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው ጥርት የሚያደርገው። የራሳችን ሌንስ በወጣትነት እየተለጠጠ ቅርቡንም ሩቁንም ያሳያል፣ ሰው ሰራሹ እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለሩቅ እናስተካክለውና ለቅርቡ የማንበቢያ መነጽር እንሰጣለን። ሁለቱንም የሚያሳይ ውድ ሌንስም አለ። ግን ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያል፣ ኮርኒያው ጠባሳ ላለው ወይም ሬቲናው ለተጎዳም አይመከርም።

ያለ ውዱ ሌንስም የሚሆን ነገር አለ። ቁጥሩ ሲሰላ ሆን ተብሎ ለቅርብ ሊስተካከል ይችላል። ያኔ አባትህ ዳዊታቸውን ያለ መነጽር ይደግማሉ፣ ለመንገድ ግን መነጽር ያደርጋሉ። ይህን የምናደርገው ስትነግሩን ነው። ስለዚህ ሁላችሁም ስትመጡ ሰውየው በቀን ምን እንደሚሠራ ንገሩን። እረኛ ነው? ልብስ ሰፊ ነው? ትፈትላለች? ሹፌር ነው? ቸኩለን ካልጠየቅናችሁ እናንተ አስቁሙንና ተናገሩ። ዓይኑ ከተዘጋ በኋላ ለመቀየር ሌላ ኦፕራሲዮን ነው።

ኩታበር፦
የእህቴ ልጅ ገና አራስ ነው። ብሌኑ መሐል ነጭ ነገር ይታያል። ሕፃንም ሞራ ይይዘዋል? ሲያድግ እናሠራለን ብለን ነበር።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
አትጠብቁ! እባክህን ነገ ሳትል ዛሬ ውሰዱት። ሕፃን ሞራ ይዞት ሊወለድ ይችላል። ማየትን አንጎል የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ሞራው ቢወጣም አንጎሉ አያይም። ነጭ ብሌን የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ለነፍስም ያሰጋል። ደሴ ካዩት በኋላ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ሊልኳችሁ ይችላሉ። በጣም ትንንሾቹ ላይ ሌንሱን ወዲያው አያስገቡም፣ ሞራውን አውጥተው ለጊዜው በመነጽር ያቆዩአቸዋል። እንዲህ ቢሏችሁ አትደንግጡ።

ኩታበር፦
እሺ እህቴ። አሁን ደወልኩላት።

ፒያሳ፦
ለሁላችሁም፦ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ሳታጽፉ አትሂዱ። ምን ምን እንደሚሸፈንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

የቦርከና ልጅ፦
ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ወንድሜን አሳመንኩት፣ ገንዘቡን አንጠብቅም። መንግሥት ሆስፒታል ሄድን። ስኳሯን ነግረን ሬቲናዋን በሚቻለው መጠን አዩት፣ የከፋ ነገር የለም አሉ። ዓይኗ ተለካ። ለቀኙ 22 ተኩል ወጣ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉልን። ሞራው የጠጠረ ስለሆነ ጠንካራው ሌንስ ይበቃታል አሉን።

ዓይን ለኪ እንዳለው ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቅናት። እኔ ምስር መልቀም የምትል መስሎኝ ነበር። «በር ላይ ማን እንደመጣ ሳይናገር ልወቀው» አለች። ስለዚህ ለሩቅ ነው። ለምስሩ መነጽር ይገዛላታል። ቀኙ ቅድሚያ ተይዞለታል፣ ግራው ቀጥሎ። የሐይቅ ዳርን ጽሑፍ ሦስቴ አስነብባኛለች።

የቀረኝ ጥያቄ የጠብታው ነው። ቀን ሥራ ላይ ነኝ። ቤት የምትውለው የ11 ዓመት ልጄ ናት።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
ማሻአላህ፣ ደስ ብሎኛል። የ11 ዓመት ልጅ ከተማረች ታደርገዋለች። እጇን በሳሙና ትታጠብ። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አንድ ጠብታ እዚያ ትጣል። የብልቃጡ ጫፍ ዓይንም ጣትም አይንካ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከተሰጣችሁ በመካከሉ 5 ደቂቃ ትጠብቅ። ደህና ሆነች ብላችሁ ከታዘዘው ቀን በፊት አታቁሙ። ሌሊት መከለያውን አድርጋ ትተኛ፣ በእንቅልፍ ልቧ እንዳታሸው።

አሁን የምጽፈውን ግን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ዓይኑ በጣም ከቀላ፣ መግል ካያችሁ፣ ወይም ጀምሮ የነበረው እይታ መልሶ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ተመለሱ። ሌሊትም ቢሆን። ቀጠሮዬ ገና ነው አትበሉ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ቀስ እያለ ከደበዘዘ ግን ሌላ ነው። ሌንሱ ያለበት ከረጢት ጀርባው ጉም ሲለብስ ነው፣ በሌዘር ቶሎ ይጠራል። ሰው «ሞራዬ ተመልሶ በቀለ» የሚለው ይህንን ነው። ሌንሱ ራሱ በተለምዶ አያረጅም፣ አይቀየርም።

የሐረጎ ሹፌር፦
እህቴ፣ እኔ ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምሠራው። የተገፈፉ እናቶችን ብዙ ጊዜ አመላልሻለሁ። ስትመለሱ ከፊት ጋቢና ይዘሽላት፣ መስኮቱን ዝጉት፣ አቧራውም ንፋሱም ወደ ዓይኗ ነው የሚመጣው። የሐረጎ መታጠፊያ ሰው ያስመልሳል። ማስመለስ ደግሞ ለተሠራ ዓይን ጥሩ አይደለም ብለው ነርሶች ነግረውናል። ለሹፌሩ ቀድመሽ ንገሪው፣ ቀስ ይላል። እምቢ ካለ ውረዱና የሚቀጥለውን ያዙ።

የቦርከና ልጅ፦
ማክሰኞ ጠዋት ነው የምንወጣው ወንድሜ። ምናልባት ያንተ ወረፋ ይሆናል።